ምኞትን እንደ ገበጣ መጫወት

(በማንኪራ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ቡናው ተቆልቶ አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ ስለ አንድ ደብተር እናውራ። አምና በመስከረም እያንዳንዳችን የዓመቱን ምኞታችንን በዚያ ደብተር አስመዝግበን ነበር። አንዷ «ቤቴን ቆርቆሮ አለብሳለሁ» አለች። አንዷ በግ ገዝታ ልታረባ አሰበች። ደናችን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ እናት ቡናን ለማየት እንግዳ ይመጣልና፣ አንዷ ለእንግዳ ቡና አፍልታ ልትሸጥ ተመኘች። አንዲት እናታችን ደግሞ ማንበብና መጻፍ ለመማር ቆረጡ። አጨበጨብን፤ እልል አልን። ወደ ኋላ የቀረች በየወሩ 10 ብር እንድትቀጣም ወሰንን።

ሰኔ ላይ ደብተሩን ስንገልጠው ከ18 ምኞት የተፈጸመው ሁለት ብቻ ነበር። የባሰው ግን እሱ አልነበረም። አንዲት እህታችን መምጣት አቆመች። ልጇ ታሞባት ለበግ ያጠራቀመችውን ብር ለሕክምና አውጥታው ነበር። ብሩ መውጣቱ አላሳፈራትም፤ ያሳፈራት እኛ ፊት ቆማ «አልቻልኩም» ማለቱና ቅጣት መክፈሉ ነው። ውኃ ስንቀዳ እንኳ እንዳታገኘን በሌላ መንገድ ትወርድ ጀመር። ማኅበራችን የተቋቋመው ለመደጋገፍ ነው። እኛ ግን ምኞትን ዕዳ አደረግነው፤ ባለዕዳ ደግሞ ይሸሻል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። ተረቱ የማይነግረን ነገር፣ እንቁላሉ በዚህ ሳምንት ምን መሥራት እንዳለበት ነው። መላውን ያገኘነው ከልጆቻችን ነው። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሩን ሁሉ ባንድ ጉድጓድ አይደፋም፤ በየጉድጓዱ አንድ አንድ እየጣለ ይዞራል። ሲሸነፍም አይሰደድም፤ ስቆ እንደገና ይደረድራል።

ስለዚህ ዘንድሮ ደብተሩን ዘጋንና ካርቶን አመጣን። እያንዳንዳችን በከሰል ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ክብ አድርገን ገበጣ ሣልን። 12 ጉድጓድ፣ 12 ሳምንት፤ ቡናው መቅላት ከሚጀምርበት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መሆኑ ነው። የሳምንቱን ሥራዋን የሠራች አንድ ፍሬ ጀንፈል ቡና በጉድጓዷ ታስቀምጣለች። ካርቶኑ ግድግዳ ሥር ይቀመጣል፤ ልጆችም ያዩታል፤ «እማዬ፣ የዚህ ሳምንት ባዶ ነው!» እያሉ ይነዘንዙናል።

ጨዋታው ሕግ አለው። የመጀመሪያው፣ የሳምንቱ ሥራ በራሳችን እጅ ያለ መሆን አለበት። «ቡናዬ ጥሩ ዋጋ ያውጣልኝ» ብንል ዋጋው በእጃችን አይደለም። የቀላውን ብቻ መልቀም፣ መሬት ላይ ሳይሆን አልጋ ላይ ማስጣት፣ እያገላበጡ ማድረቅ ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ አንዷ «በዚህ ሳምንት አረንጓዴ ፍሬ ያልገባበት አንድ ቅርጫት» ብላ ያዘች። ቅርጫቱን ጎረቤቷ ትፈትሻለች፤ አንድ አረንጓዴ ከተገኘ ጉድጓዱ ባዶ ይቀራል።

ሁለተኛው፣ ሥራው በክፉ ሳምንትም የሚቻል ይሁን። ልጅ ቢያተኩሰው፣ እንግዳ ቢመጣ፣ ለቅሶ ብንደርስም የማይቀር ያህል ትንሽ ይሁን። ሲነገር የሚያስቅ ያህል ካነሰ ልኩ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ጉድጓዷ ባዶ የቀረባት አትቀጣም፤ አገር ትሰጣለች። በእንቆቅልሽ መልሱን ያጣች አገር ትሰጥ የለ? እንደዚያው ነው። «ቦንጋን ሰጠሁ» ትላለች፤ ተቀባይዋ ቦንጋ ገብታ የበላችውንና የጠጣችውን እየዘረዘረች ታስቀናታለች። ከሳቁ በኋላ ግን «ምን ገጠመሽ?» ብለን እንጠይቃለን። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዷ እህታችን ቦንጋን፣ ጅማን፣ ሚዛንን ሰጥታ አዲስ አበባ ደርሳለች፤ ከዚህ በላይ ከቀረባት ባሕር መሻገሯ ነው።

የመጻፍ ምኞት የነበራቸው እናታችን ምን እንዳደረጉ እንንገራችሁ። በቤታችን የምንነጋገረው በካፊኖኖ ነው፤ የማኅበሩ ደብተር ግን በአማርኛ ስለሚያዝ «ስሜ በአማርኛ ስንት ፊደል ነው?» ብለው ጠየቁ። አራት ነው አልናቸው። «አራት ብቻ? እኔ እኮ ሁሉንም ፊደል ካላወቅሁ የማይሆን መስሎኝ ነበር» አሉ። በሳምንት አንድ ፊደል፣ ምድጃው ዳር በአመድ ላይ በጣታቸው እየጻፉ ተለማመዱ። በስምንተኛው ሳምንት የቁጠባ ደብተሩ ላይ በቀለም የተነከረ አውራ ጣታቸውን ሳይሆን ስማቸውን አሰፈሩ። ሦስተኛው ፊደል ከመስመሩ ከፍ ብሎ ነበር። «እሱ ዳገት እየወጣ ነው» ብለው አሳቁን። አሁን የአባታቸውን ስም ጀምረዋል።

ቆርቆሮ የተመኘችው ደግሞ ቤቷ 40 ቆርቆሮ እንደሚፈልግ አስቆጠረች። በ12 ሳምንት የገዛችው አምስት ነው። ቤቷ ዛሬም የሣር ክዳን ነው፤ ዝናቡም አልተዋትም። ግን አምናም ቀድሞም ምኞቷ «ቤት» ነበር፤ ዘንድሮ 35 ቆርቆሮ ሆኗል። ቁጥር ያለው ነገር ይጎድላል፤ ቁጥር የሌለው ምኞት ግን ሁልጊዜ እንደገዘፈ ይኖራል።

ይህን እኛ ብቻ አይደለንም ያየነው። ካርል ዋይክ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1984 «ትናንሽ ድሎች» በሚል ርዕስ አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ችግርን እጅግ አግዝፈን ስናየው እንጨነቃለን፣ መላም ይጠፋናል፤ ከፋፍለን ስንይዘው ግን አንዱ ትንሽ ድል ቀጣዩን ያስከትላል ይላል። ቡና የሚተክል ሰው ይህን ያውቀዋል። ችግኙ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፤ እስከዚያው የሚያስደስተን አዲስ የወጣው ቅጠል ነው።

ጨዋታ ድህነትን ያጠፋል አንልም። የታመመ ልጅ ሕክምና ይፈልጋል፤ የወደቀ የቡና ዋጋ በጀንፈል ፍሬ አይነሣም። ለዚህ ነው ቁጠባችንና ብድራችን እንደ ድሮው የሚቀጥለው። ጨዋታው የሚጠቅመን ያልተሳካላት እህት ከመካከላችን እንዳትጠፋ ነው።

ስለ ጠፋችው እህታችን ሳንነግራችሁ አንጨርስም። በጥቅምት ሽማግሌ አልላክንም፤ ይቅርታ ጠይቀን፣ ቅጣቱ መቅረቱን ነግረን ባዶ ካርቶን ይዘን ሄድን። አምስት ሳምንት አልፎ ስለነበር «አምስት አገር አለብሽ» አልናት። ዝም ብላ ቆየችና «ሁሉንም ውሰዱ፣ ማንኪራን ብቻ ተዉልኝ» አለች። ከዚያ ቡና አፈላችልን።

በግ አሁን አትችልም። ስለዚህ በቀሩት ሰባት ሳምንታት በየሳምንቱ ከአንዳችን ጓሮ አንድ የኮረሪማ ችግኝ ወስዳ በቤቷ ጥላ ሥር እንድትተክል ተስማማን። ሰባት ችግኝ፣ ሰባት ቤት። ዛሬ እዚህ አብራን አለች፤ ቡናውን የምትቆላውም እሷ ናት።

በሉ እንግዲህ፤ ከቡናው በኋላ ካርቶንና ከሰል ይታደላል። እያንዳንዷ ምኞቷን ትናገር፤ ከዚያ ጎረቤቷ «የዚህ ሳምንቱስ?» ብላ ትጠይቃት። መልሱ ካላሳቀን ገና ትልቅ ነውና እንደገና እናሳንሰው።

ጉድጓዳችሁ አይጉደል፤ ቢጎድልም አገር አይጥፋ። አቦሉ ደርሷል።