የእንሰት ላይ ዝናብና የሒሳብ መዝገባችን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ሒሳብ ክፍሉ ስለ ቁጠባ ይናገራል ስትሉ ስለ ዝናብ ድምፅ ልናወራ መምጣታችን ሳያስቃችሁ አይቀርም። ነገሩ ግን ከቁጠባ ደብተራችሁ የጀመረ ነው። በሰኔ ዓመታዊ ሒሳብ ስንዘጋ የአንዲት አባላችን 500 ብር በሌላዋ ስም ተመዝግቦ ተገኘ። ጠቅላላ ድምሩ ልክ ስለነበር ሚዛኑ አላጋለጠንም፤ ያጋለጠን አባላችን ደብተሯን ይዛ መምጣቷ ነው። ስህተቱ የእኛ ነው፤ አርመነዋል። ቢሯችንን ግን ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ወገን ወፍጮ ቤት፣ በሌላው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያመላልሱ የባጃጆች ጥሩምባ፣ በመሃል ደረሰኝ የሚጠይቅ ሰው።

ከመካከላችን አንዷ በኮምፒውተር የተፈጥሮ ድምፅ የሚያሰሙ ፕሮግራሞች እንዳሉ ነገረችን። የዝናብ፣ የጅረት ወይም የወፍ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ ሰውም ሥራውን ይሠራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኧርቭ ታይብል የተባለ አሜሪካዊ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የባሕር ሞገድ ቀድቶ፣ በአይ.ቢ.ኤም. 360 ኮምፒውተር አስተካክሎ በሸክላ አሳትሞ ሸጧል። አፕልም በ2022 እ.ኤ.አ. ለማክ ኮምፒውተሮቹ የዝናብ፣ የባሕርና የጅረት ድምፅ ጨምሯል። ጆሯችን የሚነቃው ድንገት ለሚለወጥ ድምፅ ነው፤ ዝናብ ወጥ ስለሆነ ጥሩምባውና ወሬው በውስጡ ይሰጥማል። ወፍጮውን ግን አይችለውም። እሱን ይሸፍንልን ብለን ድምፁን ከፍ ብናደርግ ሌላ ጩኸት ጨመርን እንጂ አላረፍንም።

የምንሠራው በእናንተ መዋጮ ስለሆነ ፕሮግራም አልገዛንም። እንሰት አጠገብ ተጠልለን ዝናቡን በስልክ ቀዳነው። ቆርቆሮ ሥር የተቀዳ ጆሮ ይበጥሳል፤ እንሰት ቅጠል ላይ የሚወርደው ግን ለስለስ ያለ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል መቅዳት ይሻላል። የሁለት ደቂቃ ቅጂ ሲደጋገም መጋጠሚያው ይታወቃል፤ ልብም ሥራውን ትቶ እሱን መጠበቅ ይጀምራል። ቪኤልሲ በተባለው ነጻ ማጫወቻ ላይ እንዲደጋግም አዘን ከፈትነው፤ ኢንተርኔትም አላስፈለገው።

በሦስተኛው ቀን ቁጠባ ልታስገባ የመጣች አንዲት እህታችን ተራዋን ስትጠብቅ ፊቷ ተለዋወጠ። «ይህን ነገር ዝጉልኝ» አለችን። ባለፈው ክረምት ጣራዋ እያፈሰሰ ልጆቿን ከጥግ ጥግ ስታዛውር ያደረች ናት። እኛ ዕረፍት ያልነው ለእሷ የዚያ ሌሊት ድምፅ ነበር። ዘጋነው፤ አፈርንም። በየሳምንቱ ብሯን እየተቀበልን የጣራዋን ነገር የሰማነው ያን ቀን ነው። የቆርቆሮ ብድር ጥያቄዋ አሁን ብድር ኮሚቴው ዘንድ ነው፤ ዛሬ ከመለያየታችን በፊት እንዲታይላት እንጠይቃለን።

አሁን ዝናቡን የምንሰማው በጆሮ ማዳመጫ፣ ቢሮው ለአባላት ሲዘጋ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሳሳተ ምዝገባ አላገኘንም። ለጋሾቻችን ግን ምስጋናውን ለዝናቡ እንዳትሰጡት፤ እያንዳንዱን ደረሰኝ ሁለት ሰው ማየት የጀመርነውም በዚያው ሰሞን ነው።

እህታችን ደግሞ «ድምፅ ካስፈለጋችሁ የእኔ ጓሮ የጠዋት ወፍ አለላችሁ» ብላናለች። ቅዳሜ ወፍጮው ሳይነሳ ስልኩን ይዘን እንሄዳለን።