ቤት የሚመቱ የእንግሊዝኛ ቃላት



እኛ የቢቸናና የሞጣ ተማሪዎች የቅኔ አገር ልጆች ነን። ስለዚህ ቃል ቤት ሲመታ ጆሯችን ቶሎ ይለያል። ይህ ጆሮ ለእንግሊዝኛም ትምህርታችን እንደሚጠቅም ለማስረዳት ተነሥተናል።

በአማርኛ ግጥም የመጨረሻው ፊደል ከገጠመ ይበቃል፤ «ሌሊት»ና «መሬት» ቤት ይመታሉ። በእንግሊዝኛ ግን ከእርሱ በፊት ያለው አናባቢ ድምፅም መግጠም አለበት። «ኔት» መረብ፣ «ዌት» እርጥብ፣ «ጌት» ማግኘት፣ እነዚህ ቤት ይመታሉ። «ሲት» መቀመጥ ግን በ«ት» ቢያልቅም ከእነርሱ ጋር አይገጥምም። የሚያስቀው፣ «ቤት» የሚለው ድምፅ ራሱ ከነ«ኔት» ወገን ነው፤ ትርጉሙም ውርርድ ነው!

አጻጻፉም ያሳስታል። «ናይት» በአንድ አጻጻፍ ሌሊት፣ በሌላው የጥንት ፈረሰኛ ጦረኛ ነው። «ራይት» ቀኝ፣ ትክክል፣ መብት ይሆናል፤ ፊደሉ ሲለወጥ ደግሞ መጻፍ ነው። ይህ ለቅኔ ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ ኅብር ማለት ይኸው ነውና።

በሁለተኛ ደረጃ ሒሳቡም ሳይንሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ ቃሉን ያልለየ ትምህርቱን ሁሉ ያጣል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በቢቸና አቅራቢያ በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምረው፣ ኋላ በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነዋል። አንዱ ትምህርት ሌላውን አይከለክልም።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ቤት የሚመቱትን ቃላት በየወገናቸው፣ ከነትርጉማቸውና ከነአጻጻፋቸው በደብተራችን እንጻፍ። ድምፁን ብቻ የያዘ፣ ሰሙን ይዞ ወርቁን ይጥላል።