መኪናው ከደረሰ በኋላ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር)







የዚህ ንግግር ርዕስ ረጅም መንገድ ጨርሶ መድረስ ነው። ርዕሱ ለኅብረት ሥራ በዓል እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ሰው ግን እንግዳ አይደለም። ከጎጃም የሚመጣ መንገደኛ ሱሉልታ ሲደርስ “ገባን” ይላል። ከወለጋ የሚመጣው ቡራዩን ሲያይ፣ ከጅማ የሚመጣው ሰበታን ሲይዝ ዕቃውን መሰብሰብ ይጀምራል። ሦስቱ ከተሞች የአዲስ አበባ በሮች ሆነው ኖረዋል። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት በአንድ አስተዳደር ሥር ቢጠቃለሉም በርነታቸው አልቀረም። በበር አጠገብ የሚኖር ሰው ደግሞ ብዙ ደራሽ ያያል። ማን ምን ይዞ እንደመጣ፣ ምን ትቶ እንደሄደም ያውቃል።

ለበጎ አድራጎት የሚነዱ መኪኖች

በውጭ አገር ለበጎ አድራጎት ተብሎ በመኪና ረጅም ጉዞ የማድረግ ልማድ አለ። ከሁሉ የታወቁት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው ከእንግሊዝ አገር፣ ከፕሊማውዝ ከተማ ተነስቶ በፈረንሳይ፣ በስፔን፣ በሞሮኮ፣ በሞሪታኒያና በሴኔጋል በኩል ሰሃራን አቋርጦ ጋምቢያ ዋና ከተማ ባንጁል የሚገባው ጉዞ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 አካባቢ ነው። ደንቡ ቀልድ የሚመስል ነበር፤ መኪናው ከመቶ ፓውንድ በላይ እንዳይገዛ ይል ነበር። ማንም የማይፈልገው አሮጌ መኪና በረሃውን አቋርጦ ባንጁል ሲገባ በጨረታ ይሸጣል፤ ገንዘቡም ለአካባቢው በጎ አድራጎት ሥራ ይውላል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የሞንጎሊያ ጉዞ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስድስት መኪኖች ተነስተው መጨረሻው ላይ የደረሱት አራት ብቻ ነበሩ። በኋላ ተሳታፊው በመቶዎች ተቆጠረ። እዚህም መኪናው ትንሽና አቅመ ደካማ እንዲሆን ይፈለጋል። እያንዳንዱ ቡድንም ከወዳጅ ዘመዱ ለበጎ አድራጎት ቢያንስ አንድ ሺህ ፓውንድ እንዲያሰባስብ ይጠበቅበት ነበር። ውድድሩ የፍጥነት አይደለም፤ የሚሸለም አንደኛ የለም። ዋናው መድረስ ነው።

የእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ መጨረሻ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ባሌስትራው የተሰበረ፣ ራዲያተሩ በሳሙና የተደፈነ፣ መስተዋቱ በሽቦ የታሰረ መኪና እየነፈረቀ ይገባል። ሹፌሮቹ ይተቃቀፋሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሳሉ፣ ቁልፉን ያስረክባሉ፤ በማግሥቱም በአውሮፕላን ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ለእነርሱ መንገዱ እዚያ ላይ አለቀ።

ለተረካቢው ግን መንገዱ የሚጀምረው ቁልፉን በእጁ ሲይዝ ነው። ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት መነሳት ያለበት ቁም ነገርም ይኸው ነው።

መንገድ ሳይኖር የገባችው መኪና

ከሩቅ አገር ተነስቶ በመኪና አዲስ አበባ መግባት የተጀመረው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪና ከጅቡቲ አስነስቶ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ይዞ መጣ። በዚያን ጊዜ የባቡር ሐዲዱ ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ስለዚህ መኪናዋ በረሃውንና ወንዙን፣ ገደሉንና ዳገቱን በሰው ጉልበት እየታገዘች ነው የተሻገረችው። ከእርሷ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ነገር የማይፈሩ ነበሩና በመኪናዋ ተቀመጡ፤ ከተማውም ጉድ አለ።

ይሁን እንጂ መኪና ገባ ማለት የመኪና አገልግሎት ተጀመረ ማለት አልነበረም። ቤንዚኑ ከባሕር ማዶ ይመጣል። ካንዴላ ቢቃጠል የሚተካው፣ ጎማ ቢፈነዳ የሚለጥፈው አልነበረም። ለመኪና የሚሆን መንገድም ቢሆን ጥቂት ነበር። ከጥቂቶቹ አንዱ በቡራዩ በኩል በሆለታ አድርጎ አዲስ ዓለም የሚደርሰው መንገድ ነው። መኪና በኢትዮጵያ ምድር ለብዙ ሰው ጥቅም መስጠት የቻለው መንገዱ፣ ነዳጅ ማደያው፣ ጋራዡና የአገሬው መካኒክ ከተገኙ በኋላ ነው። ይህም ብዙ ዓመታት ፈጀ።

በ1977 ዓ.ም. የታየው

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የሆነውንም በዕድሜ የገፉ አባላት ያስታውሱታል። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች በቦብ ጌልዶፍና በሚጅ ዩር አስተባባሪነት ለኢትዮጵያ ርዳታ የሚውል ዘፈን ቀረጹ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ ታላቁ የሙዚቃ ዝግጅት ተካሄደ። ብዙ ገንዘብ ተገኘ፤ እህልም ወደ አሰብና ወደ ምፅዋ ወደቦች ጎረፈ።

በዚያን ጊዜ እህሉ ወደብ ደርሶ የተራበው ሰው ዘንድ አለመድረሱ ትልቅ ችግር ነበር። የጭነት መኪና አነሰ። የነበረውም በዳገቱና በኮረኮንቹ ምክንያት ጎማና ባሌስትራ ሲበላ ይቆም ነበር። የዘፋኞቹ ድርጅትም ከሰበሰበው ገንዘብ ከፊሉን መኪና ለመግዛትና ለማሰማራት ለማዋል ተገደደ። እህል ወደብ ደረሰ ማለት ሰው በላ ማለት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ተማረ። የጉዞው መጨረሻ ወደቡ ወይም ከተማው ሳይሆን የተቸገረው ሰው ደጃፍ ነው።

በሱሉልታ የሚያልፉ ብስክሌተኞች

በቅርብ ዘመን ደግሞ የሱሉልታ ሰው በዓይኑ ያየው ጉዞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ቱር ዳፍሪክ የተባለው የብስክሌት ጉዞ ከካይሮ ተነስቶ ወደ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በአራት ወር ያህል ጊዜ ኬፕታውን ይደርሳል። ተጓዦቹ ከሱዳን ወደ ጎንደርና ባሕር ዳር ወጥተው፣ ከደጀን ወደ ዐባይ በረሃ ወርደው፣ ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጡ ነበር። ያ ዳገት ስንት የጭነት መኪና ያስቆመ ዳገት ነው። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው አዲሱ የዐባይ ድልድይ ቢከፈትም ሸለቆው ያው ሸለቆ ነው። ከዚያ በፍቼ፣ በጫንጮና በሱሉልታ ሜዳ አልፈው፣ የእንጦጦን ትከሻ ተሻግረው ወደ አዲስ አበባ ይገቡ ነበር። የጉዞው አዘጋጆች ለጤና ባለሙያዎች ብስክሌት የሚሰጥ የበጎ አድራጎት ክንድ አላቸው።

ብስክሌት መስጠት ከመኪና የሚለይበት ነገር አለ። ብስክሌት ነዳጅ አይጠይቅም፤ ቦሎና ሊብሬ የለውም፤ ሰንሰለቱ ቢበጠስ በየከተማው የሚጠግነው ይገኛል። ስጦታው ትንሽ ቢሆንም ተቀባዩ ሊያኖረው ይችላል። ስጦታ በተቀባዩ አቅም ልክ ሲሆን ዕድሜ ያገኛል።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን በተነሳው ጦርነት ምክንያት ከካይሮ በየብስ የሚመጣው መስመር ለመንገደኛ አስቸጋሪ ሆኗል። ይህም ሌላ ትምህርት ነው። በውጭ መንገደኛ ላይ የተንጠለጠለ ተስፋ መንገዱ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል።

ለኅብረት ሥራ ማኅበር የሚተርፈው

እዚህ ላይ ወደ ዩኒየኑ ጉዳይ መመለስ ይገባል። በየማኅበሩ የመኪና ነገር ሲነሳ ይሰማል። ወተት ለገበያ የሚያቀርበው የሱሉልታ ገበሬ ወተቱ ከታለበ በኋላ ያለው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው። ጤፍና ምስር የሚያቀርበው የሰበታ አካባቢ ገበሬም ደላላ ከማሳው አጠገብ ቆሞ ዋጋ ሲሰብርበት ኖሯል። መኪና ያለው ማኅበር ገበያውን ይመርጣል፤ የሌለው ገበያው ይመርጥለታል። ስለዚህ መኪና ሊለግስ የሚመጣ ድርጅት ሲገኝ እልልታው ቢደምቅ አያስገርምም።

ነገር ግን “የሰው ወርቅ አያደምቅ” እንደሚባለው፣ ቁልፉን ከመረከብ በፊት አምስት ጥያቄዎች ቢጠየቁ ይበጃል።

አንደኛ፣ መኪናው በሕግ መግባት ይችላል ወይ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ አሮጌ መኪኖችን ከባድ ታክስ ጥሎባቸዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በባንጁል እንደሚደረገው አሮጌ የቤት መኪና ነድቶ አምጥቶ በጨረታ መሸጥ ዛሬ በኢትዮጵያ የሚታሰብ አይደለም። ለጭነት መኪናም ቢሆን ቀረጡን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ በጽሑፍ መስፈር አለበት።

ሁለተኛ፣ ሊብሬው በማን ስም ይወጣል? በለጋሹ ስም የተመዘገበ መኪና ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ተመላሽ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሰው ስም የወጣ ደግሞ የጠብ መነሻ ነው።

ሦስተኛ፣ መለዋወጫው እዚሁ ይገኛል ወይ? ካምቢዮው ቢበላሽ፣ ፍሪሲዮኑ ቢያልቅ በከተማው የመለዋወጫ ሱቆች የማይገኝ መኪና፣ ሞተሩ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከአንድ ክረምት በኋላ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል።

አራተኛ፣ ማን ይነዳዋል፣ ማንስ ይቆጣጠረዋል? የኪሎ ሜትር መዝገብ የሌለው፣ ናፍታው የማይለካ መኪና ማኅበሩን ለሐሜት ይዳርጋል። ሐሜት ደግሞ ከአደጋ ይልቅ ብዙ ማኅበር አፍርሷል።

አምስተኛና ዋናው፣ መኪናው ሲያረጅ የሚተካው በምንድን ነው?

በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። መኪና ወደ ማኅበሩ ግቢ ከገባበት ቀን ጀምሮ ያረጃል። የሒሳብ ሰዎች የእርጅና ተቀናሽ የሚሉት ይህንን ነው። በነፃ የተገኘ መኪናም ያረጃል፤ ብዙ ጊዜ ግን በነፃ ስለተገኘ ተቀናሹ አይያዝለትም። ለምሳሌ ያህል አንድ ማኅበር በቀን አንድ ሺህ ሊትር ወተት ቢሰበስብና ከእያንዳንዱ ሊትር አንድ ብር ብቻ ለመኪናው ቢያስቀምጥ፣ በወር 30 ሺህ፣ በዓመት 360 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ አዲስ መኪና አይገዛ ይሆናል፤ ጎማና ስኮርታ ግን ይገዛል፣ ሞተር ያስወርዳል፣ ለብድርም መነሻ ይሆናል። በሁዳዴ 55 ቀን የወተት ገበያ ሲቀዘቅዝ መኪናው ድርቆሽ ወይም ሌላ ጭነት ይዞ ቢሠራ ደግሞ ወጪውን ራሱ ይሸፍናል።

የኅብረት ሥራ ሕጉም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበራት ከተጣራ ትርፋቸው 30 በመቶውን ለመጠባበቂያ እንዲይዙ አዝዟል። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ቢተካም የመጠባበቂያው ሐሳብ አልተተወም። በክፍፍል ቀን “ሁሉም ይከፋፈል” የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል። ችግረኛ አባል ይህን ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የዛሬውን መጠባበቂያ የበላ ማኅበር ነገ መኪናው መንገድ ላይ ሲቆምበት ወተቱን ሜዳ ላይ ይደፋል። የሚጎዳውም ያው ችግረኛ አባል ነው።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፤

ለበጎ አድራጎት ሲሉ በረሃ የሚያቋርጡ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ሳያውቁት ሰው ብለው አቧራ ቅመዋል፣ ገንዘብም አሰባስበዋል። ከእነርሱ ጉዞ መማር የሚገባው አንድ ጥሩ ነገርም አለ። ብዙዎቹ ብቻቸውን አይጓዙም። አንዱ አሸዋ ውስጥ ሲሰምጥ ሌላው ገመድ ይወረውራል፤ የአንዱ ስኮርታ ለሌላው ይውላል። ኅብረት ሥራም በመሠረቱ ይኸው ነው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የተባለው ለዚህ ነው።

ልዩነቱ ተጓዡ ቁልፉን አስረክቦ ሲሄድ ገበሬው እዚያው መቅረቱ ነው። ለገበሬ የመጨረሻ መድረሻ የሚባል ከተማ የለም። ወተቱ ዛሬ ደርሶ ነገም ይታለባል፤ ጤፉ ዘንድሮ ተሽጦ ለከርሞም ይዘራል። ስለዚህ ዩኒየኑ የሚለካው በዚህ በዓል ቀን በግቢው በቆሙት መኪኖች ብዛት ሳይሆን፣ ከአምስትና ከዐሥር ዓመት በኋላ እነዚያው መኪኖች ወይም ምትካቸው በማለዳ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ በር ሲያልፉ በመታየታቸው ነው።

መኪናው መድረሱ መልካም ነው። በማግሥቱም መነሳት እንዲችል የሚያደርገው ግን የአባላቱ መጠባበቂያ፣ መዝገብና ቁጥጥር ነው።