የሚያጊ ደቀ መዝሙር

ከልጅ ልጅ ጋር ተቀምጦ ፊልም ማየት በሽምግልና ዘመን ከሚታደሉ ጸጋዎች አንዱ መሆኑን የተረዳሁት፣ ጆን አቪልድሰን ያዘጋጀውንና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ለሕዝብ የቀረበውን «ካራቴ ኪድ» ከልጄ ልጅ ጋር በተመለከትሁ ጊዜ ነው። የኦኪናዋው ተወላጅ ሚያጊ፣ ካራቴ ሊያስተምረው ቃል የገባለትን ብላቴና ዳንኤልን፣ የአብነት ተማሪ ለመምህሩ ውኃ እየቀዳ ትሕትናን አስቀድሞ እንደሚማር ሁሉ፣ መኪና በሰም እንዲወለውል፣ ወለል እንዲፍቅ፣ አጥር እንዲቀባ ያዘዋል። ብላቴናው ታክቶት ባጉረመረመ ጊዜ መምህሩ ድንገት ቡጢ ሲሰነዝርበት፣ በቀኝ ሰም ሲቀቡ በግራ ሲወለውሉ የሰነበቱት እጆቹ ምቱን ይመክታሉ። የልጅ ልጄም ብድግ ብሎ መዳፎቹን በአየር ላይ ያዞር ጀመር።

የእኔን ልቡና የነካው ግን ሚያጊ ሰክሮ የሚያለቅስበት ሌሊት ነው፤ እርሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ በጦር ሜዳ ሲዋጋ፣ ሚስቱና ሕፃኑ አሜሪካ የጃፓን ተወላጆችን ባጋዘችበት በማንዛናር የግዞት ሠፈር በወሊድ ጊዜ ሞተውበታልና። ተዋናዩ ፓት ሞሪታም በሕፃንነቱ በአከርካሪ ነቀርሳ ለዓመታት ሆስፒታል ተኝቶ፣ ሲድን ወደ ግዞት የተወሰደ ሰው ነው፤ ሐዘኑ የትወና ብቻ አይመስለኝም።

«አባባ፣ ምን አጥፍተው ነው የታሰሩት?» አለኝ ልጁ። ፊልሙን አቁሜ፣ በትውልዳቸው ብቻ ስለ ተጋዙት ከመቶ ሺህ በላይ ነፍሳት እንደ አቅሙ ነገርሁት፤ የመጨረሻውን ውድድር ያየነው በማግሥቱ ነው።