የእናቶቻችን ጉልበት



የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ ስለ አንድ ነገር ብቻ ላውራ፤ ስለ ጉልበት። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ ከዘራ ይዘው ተራ የሚጠብቁትን እናቶች «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ብትሏቸው፣ «ቁርጥማት ነው፤ ብርድ ነው» ይሏችኋል። ብዙዎቹን የያዛቸው ግን የመገጣጠሚያ ልም አጥንት እየሳሳ የሚመጣው ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው፤ ከመቶው 60ዎቹ ሴቶች ናቸው።

እንሰት መፋቅ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እግር አንስቶ፣ ሙሉ ቀን። ውኃና እንጨት ተሸክሞ ዳገት መውጣቱ፣ ከዚያም ዕድሜው ሲጨመርበት ጉልበት ቢደክም አይገርምም። የሚቀርባቸው ግን ብዙ ነው፤ ስግደቱ፣ ሶላቱ፣ ለቅሶ መድረሱ፣ መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ማለቱ ሳይቀር።

ቡታጅራ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት ልደትና ሞት የተመዘገበባት፣ አገራችን ብዙ የተማረችባት ቦታ ናት። የጉልበት ሕመም ግን አይገድልምና በሞት መዝገብ ላይ አይታይም። ስለማይታይም «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ለመስቀልና ለአረፋ አገር ቤት ስንገባ ከስኳሩና ከጋቢው ጋር የሕመም ማስታገሻ እንይዛለን። ዲክሎፌናክ ለዓመታት ሲዋጥ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ለጉልበት ቅባቱ ከሚዋጠው ይሻላል።

ከክኒኑ በፊት ይህን እናድርግላቸው። በበርጩማው ፋንታ ከፍ ያለ መደገፊያ ያለው ወንበር እንግዛላቸው። ከዘራውን ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ እንዲይዙ እናሳያቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ቀጥ አድርገው፣ አምስት እስኪቆጠር አቆይተው እንዲመልሱ፣ በየቀኑ አሥር አሥር ጊዜ፤ የጭን ጡንቻ ሲጠነክር የጉልበት ሕመም ይቀንሳል። ውፍረት ካለ መቀነሱም እንዲሁ። ጉልበቱ በድንገት ካበጠና ከጋለ፣ ወይም ትኩሳት ካለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም።

ዘንድሮ ስትገቡ እናታችሁ ከመቀመጫቸው ሲነሱ ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ስንት መድኃኒት እንደሚውጡም ጠይቋቸው፤ ካልተጠየቁ አይናገሩም።