ከንቲባና ፖሊስ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የተለዩትን ነፍስ ይማር፤ ቤተ ሰቦቻቸውን ፈጣሪ ያጽናልን።

እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የከተማ ከንቲባ ፖሊስን እንዴት ይመራል፣ እንዴትስ ይቆጣጠራል የሚል ነው። እኛ የሕግ አዋቂዎች አይደለንም። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት በወጪና በገቢ ደብዳቤ መካከል የጨረስን ጡረተኞች ነን። ነገር ግን ሌሊት ሌባ በር ሲነካ የምንጣራው ፖሊስን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በሩን የሚያንኳኳው እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ነገሩ የተማረ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

«ቀብር አስፈጻሚ ማኅበርን ከፖሊስ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ያገናኘዋል እንጂ! በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. የአሪ ሕዝብ የዞን ጥያቄ በተነሣበት ጊዜ በከተማችንና በአካባቢዋ በደረሰው ሁከት ንብረት መውደሙን፣ ሰው ከቤቱ መፈናቀሉን ሁላችንም እናስታውሳለን። በእንዲህ ያለ ጊዜ የትም አገር ያለ የከተማ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቃል። መጀመሪያ «ፖሊስ የት አለ? ማንስ ነው የሚያዘው?» ይላል። ሁከቱ በረድ ሲል ደግሞ «ልጄ የት ነው የታሰረው? ምን አድርጎ ነው?» ይላል። ለሁለቱም ጥያቄ መልስ የሚጠበቀው ከከንቲባው ደጃፍ ነው። ታዲያ ከንቲባው ምን ሥልጣን አለው?

ወደ ኋላ መለስ ብለን እንይ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን የሚጠብቀው «የአራዳ ዘበኛ» ይባል ነበር፤ የከተማ ዘበኛ መሆኑ ከስሙ ይታወቃል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ግን በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 ፖሊስ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ሆነ። በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ሲወጣ ማዘጋጃ ቤት መንገዱን፣ ውኃውን፣ ጽዳቱን ያዘ፤ የፖሊሱ ልጓም ግን በአገረ ገዥው እጅ ነበር። ልጆች ሆነን ጂንካ የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ ሰው የሚፈራው አውራጃ ገዥውን እንጂ የማዘጋጃ ቤቱን ሹም አልነበረም።

ከዚያ የደርግ ዘመን መጣ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ቀበሌ ተቋቋመ፤ በኋላም የአብዮት ጥበቃ ጓድ መሣሪያ ያዘ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በብዙ ከተማ የቀበሌ ሹም ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ አሳሪ፣ ራሱ መርማሪ ሆኖ ነበር። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ፤ ይኸውም የሰፈር አለቃ ለሕዝብ ቅርብ ስለሆነ ብቻ መሣሪያ ያለ ጠያቂ ቢሰጠው ጥሩ ይሠራበታል ማለት አለመሆኑን ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ አደራጅተው እንዲመሩ ሥልጣን ሰጠ። የከተማችን ፖሊስ እንግዲህ ሁለት ወገን ያየዋል፤ ማዕረጉና ሥልጠናው ከላይ ከፖሊሱ መሥመር ይመጣል፣ የዕለት ጸጥታው ሥራ ግን ከከተማው አስተዳደር ጋር ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ጂንካ ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች፤ የዞንም መቀመጫ ናት። የከተማ፣ የዞን፣ የክልል፣ የፌዴራልም ፖሊስ በአንድ መንገድ ሊያልፍ ይችላል። ነዋሪው የሚያየው ግን የደንብ ልብስ ነው እንጂ የተጠሪነት ሰንጠረዥ አይደለም።

በዚህ መካከል ከንቲባ በሁለት በኩል ሊሳሳት ይችላል። አንደኛው ዓይነት ከንቲባ ስልክ አንሥቶ «እገሌን እሰር፣ እገሌን ፍታ» የሚል ነው። ይህ ቁጥጥር አይደለም፤ ፖሊስን የግል ዘበኛ ማድረግ ነው። ዛሬ በእሱ ትእዛዝ ያሰረ ፖሊስ ነገ ሌላ ከንቲባ ሲመጣ እሱኑ ያስረዋል። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ «ፖሊሱ የክልል ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ እጁን የሚታጠብ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት በሠራንበት አንድ ከተማ፣ ስሙን አንጠራውም፣ አንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ በሰው ቅያሜ ተይዞ፣ የገባበት ሰዓት በመዝገብ ስላልሰፈረ ስድስት ቀን ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ተቀምጧል። የአባቱን ማመልከቻ የጻፍነው እኛ ነን። አባትየው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የሰማው «የእኛ አይደለም» የሚለውን ብቻ ነበር። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ማንም ግን መዝገቡን ገልጦ አላየለትም።

እንግዲህ ቁጥጥር ማለት መጠየቅና ማየት ነው። በዕድራችን ዳኛው ሰብሳቢ ነው፤ የሣጥኑን ቁልፍ ግን ብቻውን አይዝም። ገንዘብ ያዥ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ሒሳብ ተቆጣጣሪ አለ። ዳኛውን ስለምንጠረጥር ነው? አይደለም፤ ዳኛውም እንዳይታማ፣ ሣጥኑም እንዳይጎድል ነው እንጂ። የከተማም እንደዚሁ ነው።

ደግ ከንቲባ ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ በእኛ አስተያየት አራት ነገር ይጠይቃል።

አንደኛ፣ መዝገቡን። የተያዘው ሰው ስም፣ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ ምክንያቱና የያዘው ፖሊስ ስም ተጽፏል ወይ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 29 ይህንኑ ይላል። ሰዓቱ ካልተጻፈ 48 ሰዓት ከየት ይቆጠራል?

ሁለተኛ፣ ቋንቋውን። ቅዳሜ ገበያችን አሪው፣ በናው፣ ሐመሩ፣ ሙርሲው የሚገናኝበት ነው። ያው አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል። አማርኛ ለማይሰማ ሰው በአማርኛ ቢጮኹበት ተነገረው ማለት አይቻልም። አስተርጓሚ ተጠርቷል ወይ?

ሦስተኛ፣ ጠያቂ ዘመድ መግባቱን። አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በቤተ ሰቡ፣ በሃይማኖት አባቱ፣ በሐኪሙና በጠበቃው እንዲጎበኝ መብት ይሰጠዋል። ምሳ የያዘች እናት በር ላይ ቆማ ከዋለች ከንቲባው ማወቅ አለበት።

አራተኛ፣ የፖሊሱን ችግር። ነዳጅ አለው ወይ? የሌሊት ተረኛ ስንት ነው? ጫማውስ? ይህን የማይጠይቅ ተቆጣጣሪ ለመክሰስ ብቻ የመጣ ይመስላል፤ የተቸገረ ፖሊስ ደግሞ እጁን ወደ ገበያተኛው መዘርጋቱ አይቀርም።

ስሕተት ካገኘ ከንቲባው ራሱ አይፈርድም። ለፖሊሱ የበላይ፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለፍርድ ቤት በጽሑፍ ያሳውቃል፤ መልሱንም ይከታተላል። ሕገ ወጥ እስራት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

ከንቲባውንስ ማን ይጠይቀዋል? የመረጠው የከተማው ምክር ቤት ነዋ! ምክር ቤቱን ደግሞ እኛ። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ሹምም በሥራው እንዲጠየቅ ይደነግጋል። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይሉ ነበር። የሚያቆመው ግን ሁለቱም ወገን ሕጉን የሚያከብር ሲሆን ነው። እኛም ፖሊስ ላይ ድንጋይ የሚወረውረውን ልጃችንን ካልገሠጽን፣ ለተያዘ ዘመዳችን ጉቦ ካቀበልን፣ የከንቲባውን ቁጥጥር ከሥሩ የምንቆርጠው እኛው ነን።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከሌሎች የከተማችን ዕድሮች ጋር ተነጋግረን፣ ከንቲባውና የፖሊስ ኃላፊው በየሦስት ወሩ በሕዝብ ፊት ቀርበው እንዲያስረዱ በጽሑፍ እንጠይቅ፤ ስንት ሰው ተያዘ፣ ስንቱ በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ስንት አቤቱታ መጣ፣ ምን መልስ ተሰጠው? ደብዳቤውን እኛ ጡረተኞች እንጽፋለን፤ ይህ አይከብደንም። ቀሪውን ኮፒ በዕድሩ ፋይል ማስቀመጥ፣ የገቢ ቁጥሩንም ተቀብሎ መመለስ እንዳይረሳ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራልና።