ስለ ሌዘር ቅርጽ ሥራ፤ የብርሃኑ ከፍታና የዕቃው ዓይነት

(በሬዲዮ የተነገረ)



በመሥሪያ ቤታችሁ በር ላይ የተለጠፈው የስም ሰሌዳ፥ በጡረታ ለተሰናበተው ባልደረባችሁ የተበረከተው የእንጨት መታሰቢያ፥ በደብዳቤ ግርጌ የሚያርፈው የጎማ ማኅተም፥ ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚቀረጸው በመሮ ወይም በቢላዋ ሳይሆን በብርሃን ነው። ይህም ብርሃን ሌዘር ይባላል። በገበያ ቋንቋ ቆዳንም ሌዘር ማለት ስለ ተለመደ ሁለቱ እንዳይምታቱባችሁ አሳስባለሁ፤ የዛሬው ንግግራችን ስለ ብርሃኑ ነው።

የዚህ ብርሃን ሐሳብ የመነጨው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 አልበርት አይንሽታይን ካቀረበው ትምህርት ነው። የመጀመሪያውን የሌዘር መሣሪያ ሠርቶ ያበራው ቴዎዶር ሜይማን ሲሆን ጊዜውም 1960 ነበር። በ1964 ደግሞ ኩማር ፓቴል የተባለው ሊቅ በካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር የሚሠራውን ሌዘር አስገኘ። ዛሬ እንጨትና ቆዳ በሚቀረጽባቸው ሱቆች ብዙውን ጊዜ የሚታየው ይኸው ዓይነት ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ማንኩሳን በስሟ ያውቃታል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል በጎዳናው ላይ የምትገኝ የጎጃም ከተማ ናት። በዚያ አገር የዋንዛ እንጨት፥ ቆዳና ቀንድ ለእጅ ሥራ ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ የጋለ ብረት ያረፈበትን ምልክት አድርጎ እንደሚያልፍም ከብቱን የሚተኩስ ባላገር ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ከማንኩሳ ወጣቶች አንዱ የሌዘር መኪና ገዝቶ ሥራ ልጀምር ቢል፥ ሊማረው የሚገባው ነገር ከአዲስ አበባው ባለ ሙያ አይለይም። ይኸውም ሁለት ነገር ነው፤ ብርሃኑን ከዕቃው በልክ ማራቅና ዕቃውን ከማቃጠል በፊት ማወቅ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለ፥ ሁለቱም ከሥራው ይቀድማሉ።

በመጀመሪያ ስለ ከፍታው እንናገር። በልጅነታችን አጉሊ መነጽር በፀሐይ ላይ ይዘን ወረቀት ለማቃጠል ያልሞከርን ጥቂቶች ነን። መነጽሩን ከፍና ዝቅ ስናደርገው የብርሃኑ ክብ ይሰፋል፥ ይጠባል፤ ወረቀቱ የሚጤሰው ግን ክቡ ጠቦ ነጥብ ሲያህል ነው። የሌዘርም ሕግ ይኸው ነው። የነጥቡ ስፋት ከጎን ወደ ጎን እጥፍ ቢሆን፥ ብርሃኑ የሚያርፍበት ቦታ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ኀይሉ በሰፊው ቦታ ተበትኖ ወደ ሩብ ይወርዳል። ፊደሉ ደብዝዞ ጠርዙም ጠቁሮ ሲወጣ፥ ብዙዎች መኪናው ደከመ ብለው ኀይል ይጨምራሉ። ይህ ግን ቃጠሎውንና ጢሱን ያበዛል እንጂ ከፍታውን አያቀናም።

ትክክለኛውን ከፍታ ለማግኘት ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ለጥ ያለ ቀጭን ጣውላ ወስዶ አንደኛውን ጫፍ በድጋፍ ከፍ በማድረግ እንደ ዳገት ማጋደም፤ ከዚያም በአነስተኛ ኀይል ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መሥመር ማስመር ነው። መሥመሩ በሁለቱ ጫፎች ሰፍቶ በአንድ ቦታ ቀጥኖ ይታያል። ከቀጠነበት ቦታ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ያለው ርቀት ተፈላጊው ልክ ነው። ያንን ልክ የሚያህል ቁራጭ እንጨት አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ለዘወትር መለኪያ ይሆናል። ነገር ግን የዕቃው ውፍረት በተለወጠ ቁጥር እንደገና መለካት ያስፈልጋል። የዋንዛ ጣውላ ሳይደርቅ ከተሰነጠቀ ሊጎብጥ ስለሚችል፥ ከመሐሉ ብቻ ሳይሆን ከአራቱም ማዕዘን መለካት ይገባል። መነጽሩም በጥላሸት ከቆሸሸ ልኩ ትክክል ቢሆንም ሥራው አያምርም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንሻገር። የተሳሳተ ከፍታ የሚያበላሸው ሰሌዳውን ነው፤ የተሳሳተ ዕቃ ግን የሚያበላሸው ሳንባን ነው። ከፕላስቲክ ዓይነቶች ሁሉ ይልቅ መፈራት ያለበት ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለው ነው። ይህ ክሎሪን ያለበት ስለ ሆነ ሲቃጠል ሃይድሮጂን ክሎራይድ የተባለ አየር ያወጣል፤ አየሩም ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ሆኖ ጉሮሮንና ሳንባን ይጎዳል፥ የመኪናውንም ብረት ያዝጋል። ብዙ ሰው ሠራሽ ቆዳና ብዙ የማስታወቂያ ስቲከር የሚሠራው ከዚሁ ነው። እውነተኛ ቆዳም ቢሆን በክሮም የለፋው ሲቃጠል ጎጂ የሆነ የክሮም ውሕድ ሊያወጣ ስለሚችል፥ በዛፍ ልጥና በቅጠል የለፋው ይመረጣል። በሙጫ የተጣበቀ ጣውላም የሙጫውን ጢስ ያወጣልና ያለ በቂ የጢስ ማስወጫ አይቀረጽም። ንጹሕ እንጨት፥ ወረቀትና አክሪሊክ የተሻሉ ናቸው፤ እነዚህም ቢሆኑ ጢሳቸው በቱቦ ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

ፕላስቲኩ ያልታወቀ እንደ ሆነ በመዳብ ሽቦ መፈተን ይቻላል። ሽቦውን በእሳት ላይ እሳቱ ቀለም መለወጡን እስኪያቆም ድረስ ማጋል፥ ከዕቃው ጥቂት ማስነካት፥ መልሶም ወደ እሳቱ ማቅረብ ነው። እሳቱ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን ሊኖርበት ስለሚችል ያ ዕቃ ወደ መኪናው አይግባ። ፈተናው በደጅ፥ ነፋስ ባለበት ቦታ ይደረግ። አረንጓዴ አለመታየቱም ዕቃው ከጉዳት ሁሉ ነጻ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ሻጩ የዕቃውን ስም በጽሑፍ ካላሳወቀ አለመቅረጽ ይሻላል።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ጨረር ለዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ክዳኑ ተከፍቶ መሥራት አይገባም። መኪናው በሥራ ላይ ሳለ ትቶ መሄድም እሳት መጋበዝ ነው። የመብራት ኀይል ተቋርጦ ሲመለስ ደግሞ የጢስ ማስወጫውና የውሃ ማቀዝቀዣው መሥራታቸውን ሳያዩ ሥራውን መቀጠል አይገባም።

እናንተ በመሥሪያ ቤት ያላችሁ አንባብያን፥ ይህ የባለ ሱቁ ጉዳይ ነው አትበሉ። ሰሌዳውን የሚያዝዘው፥ ጨረታውን የሚያወጣው፥ ርካሹን የሚመርጠው መሥሪያ ቤት ነው። በጨረታው ላይ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ዕቃው ከምን የተሠራ መሆኑን ጠይቁ፤ ሥራው የሚሠራበት ክፍል ጢስ ማስወጫ እንዳለውም ጠይቁ። ስማችሁ በበራችሁ ላይ አምሮ ሲታይ፥ እርሱን የቀረጸው ወጣት ጤና ተጎድቶ እንዳይሆን ማሰብ የእናንተም ግዴታ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነውና፥ ይህ ጥያቄ መጠየቅ ያለበት በሽታ ከተከተለ በኋላ ሳይሆን፥ ትእዛዙ በሚጻፍበት ቀን ነው።